የካርቱኑን ቀሪ ክፍሎች በዲቪዲ እንዴት እናስወጣ?

እባካችሁ ምከሩኝ፤ ግራ ገብቶኛል። ልጅ ሳለሁ ከቴሌቪዥኑ ፊት አልነቃነቅ የምልለት ካርቱን ነበር። 65 ክፍል ነው፤ በሳምንት አምስት ቀን ለ13 ሳምንት እንዲበቃ የተሠራ። በዲቪዲ የወጡት ግን 13ቱ ብቻ ናቸው። ከዚያ ጭጭ!

ከሌሎች አድናቂዎች ጋር ፊርማ አሰባስበን ለባለመብቱ ድርጅት ጻፍን። «የሙዚቃው ፈቃድ ለቴሌቪዥን ብቻ ነው» አሉን። ውሉ የተፈረመው እኮ ዲቪዲ ሳይፈጠር ነው! እኔ ጋ የቀረው አንድ የቪኤችኤስ ካሴት ነው፤ ምስሉ እየደበዘዘ ሄዷል። (ግማሹ ላይ የዘመድ ሰርግ ተቀድቶበታል፣ ምን ይደረግ።)

አሁን ለሙዚቃው ባለመብቶች በቀጥታ እንጻፍ? ወይስ ዲስክ የሚያሳትም አነስተኛ ድርጅት ፈልገን ፈቃዱን እንዲገዛ እናግባባ? ሙዚቃው ተቀይሮ ይውጣ የሚሉም አሉ። እኔ ግን ያለዚያ የመክፈቻ ዘፈን አልፈልገውም። የተሳካላችሁ ካላችሁ ከየት እንደጀመራችሁ ንገሩኝ።