ባለቤቴ ሲያትል በግሪን ካርድ፣ እኔ ቶሮንቶ፤ ስፖንሰርሺፑን እንዴት ልጀምር?

ማለዳ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። የካናዳ ዜጋ ነኝ፣ የምኖረው ቶሮንቶ ነው። ባለቤቴ ኢትዮጵያዊ ፓስፖርት ይዞ ሲያትል ይኖራል፤ ግሪን ካርድ አለው። የተጋባነው አዲስ አበባ ነው። በቤተ ክርስቲያን ተጋብተን በወሳኝ ኩነት አስመዝግበናል፣ ሰርተፍኬቱም በእጃችን ነው። እስካሁን በአንድ ቤት አልኖርንም፤ እየተመላለስን ነው የምንገናኘው። ስፖንሰር አድርጌው ቋሚ ነዋሪ ሆኖ ወደ ካናዳ እንዲመጣ እፈልጋለሁ። ግራ የገቡኝ ነገሮች እነዚህ ናቸው፦ እሱ እዚህ መጥቶ ብናመለክት ይሻላል ወይስ እዚያው ሆኖ? ደመወዜ ትንሽ ነው፣ በዚህ ይጥሉብኛል? በየሰነዱ ላይ ያለው ስሙስ አንድ ባለመሆኑ ችግር ይመጣል?

ሰሜን ኮከብ

እህቴ፣ ለእናንተ የሚሻለው አውትላንድ የሚባለው ነው፤ ማለትም እሱ ሲያትል እየኖረና እየሠራ ማመልከት። ኢንላንድ የሚባለው ባልና ሚስት ካናዳ ውስጥ በአንድ ቤት አብረው መኖርን ይጠይቃል፤ እናንተ ይህን አታሟሉም። ሌላም ትልቅ ልዩነት አለ። አውትላንድ ውድቅ ቢሆን ስፖንሰሯ ለኢሚግሬሽን ይግባኝ ሰሚው ክፍል በ30 ቀን ውስጥ አቤት ማለት ትችላለች። ኢንላንድ ይህ መብት የለውም፤ ቀሪው መንገድ ፌዴራል ፍርድ ቤት ነው።

አውትላንድ ያመለከተ ሰው ወደ ካናዳ መግባት የተከለከለ አይደለም። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ከኤፕሪል 2022 መጨረሻ ጀምሮ ቪዛም ኢቲኤም (በኢንተርኔት የሚወሰደው የጉዞ ፈቃድ) ሳይጠየቅ፣ የሚሠራ ፓስፖርቱንና ግሪን ካርዱን አሳይቶ ይገባል፤ አብዛኛውን ጊዜ 6 ወር ይሰጠዋል። ማመልከቻ መኖሩን ድንበር ላይ አይደብቅ። ሕጉ ቋሚ ነዋሪነት የሚፈልግ ሰው በጊዜያዊነት መግባቱን ይፈቅዳል። የድንበር ጠባቂው ማወቅ የሚፈልገው ጊዜው ሲያበቃ ይወጣል ወይ የሚለውን ስለሆነ ከመሥሪያ ቤቱ የፈቃድ ደብዳቤና የመመለሻ ትኬት ይያዝ። ዕቃውን ሁሉ መኪና ላይ ጭኖ «ልጠይቃት ነው» ቢል ግን ይመልሱታል።

ወይና ደጋ

እኔ ኢንላንድ ይሻላል ባይ ነኝ፤ ምክንያቱም የሥራ ፈቃድ የሚገኘው በእሱ ነው። መጥቶ አብሯት ይኑርና ያመልክቱ።

ሰሜን ኮከብ

ወይና ደጋ፣ ያ የቀድሞው አሠራር ነው። ከሜይ 2023 ጀምሮ አውትላንድ ያመለከተም ቢሆን፣ ካናዳ ውስጥ ሕጋዊ ጊዜያዊ ፈቃድ ኖሮት ከስፖንሰሩ ጋር በአንድ አድራሻ የሚኖርና ማመልከቻው መድረሱ የተረጋገጠለት ሰው ክፍት የሥራ ፈቃድ (ለየትኛውም ቀጣሪ ለመሥራት የሚያገለግል) መጠየቅ ይችላል። ስለዚህ ለሥራ ፈቃድ ሲባል የይግባኝ መብትን መተው አያስፈልግም። ድንበር ወጥቶ በመመለስ የሥራ ፈቃድ መውሰድም ከዲሴምበር 23 ቀን 2024 ወዲህ ለአብዛኛው ሰው ቀርቷል፤ ይህኛው ፈቃድ በኢንተርኔት ነው የሚጠየቀው።

ጥቁር ዓባይ

ስለ ደመወዝሽ አትስጊ። ባልን ወይም ሚስትን ስፖንሰር ለማድረግ ዝቅተኛ የገቢ ገደብ የለም። ገደቡ የሚመጣው አብሮ የሚመጣ ልጅ የራሱ ልጅ ካለው ነው። የሚከለክልሽ በአካል ጉዳት ምክንያት ያልሆነ የመንግሥት የድጎማ ገንዘብ መቀበል፣ ያልተዘጋ የኪሳራ ጉዳይ፣ ወይም ቀደም ሲል የገባሽውን የስፖንሰርነት ግዴታ አለመወጣት ነው። አንቺ ራስሽ በቀድሞ ትዳር ስፖንሰር ተደርገሽ የመጣሽ ከሆነ ደግሞ ቋሚ ነዋሪ ከሆንሽበት ቀን 5 ዓመት መሙላት አለበት፤ በመሃል ዜግነት ማግኘትሽ ይህን አያነሳልሽም።

የምትፈርሚው ግዴታ ለ3 ዓመት ነው፤ የሚቆጠረውም እሱ ቋሚ ነዋሪ ከሆነበት ቀን ጀምሮ ነው። በዚያ ጊዜ የመንግሥት ድጎማ ቢወስድ የምትመልሺው አንቺ ነሽ፤ ብትፋቱም ግዴታው አይፈርስም። ይህን አውቀሽ ፈርሚ።

ክፍያው፣ በኤፕሪል 30 ቀን 2024 በወጣው ተመን፣ ለስፖንሰርነት 85፣ ለእሱ ማመልከቻ 545፣ ለቋሚ ነዋሪነት መብት 575፣ ድምሩ 1,205 የካናዳ ዶላር ነበር። አሻራና ፎቶ ሌላ 85 ይጨመራል። ተመኑ በየሁለት ዓመቱ ስለሚከለስ በምትከፍዪበት ቀን ያለውን አረጋግጪ፤ ክፍያው ከጎደለ ፋይሉ እንዳልተሟላ ተቆጥሮ ይመለሳል።

ዋናዎቹ የካናዳ ኢሚግሬሽን ቅጾች አይኤምኤም 1344 (ያንቺ የስፖንሰርነት ማመልከቻና ግዴታ)፣ 5532 (ስለ ግንኙነታችሁ)፣ 0008፣ 5669 እና 5406 (የእሱ)፣ እንዲሁም 5533 የሚባለው የሰነድ ዝርዝር ናቸው። የሚገቡት በቋሚ ነዋሪነት የኢንተርኔት መግቢያው ነው። 1344 ላይ «ስፖንሰር መሆን የማትችዪ ሆነሽ ብትገኚ ምን ይደረግ?» የሚል ጥያቄ አለ። «ይቋረጥ» ካልሽ ከ85ቱ ዶላር በስተቀር ገንዘብሽ ይመለሳል፤ «ይቀጥል» ካልሽ ገንዘቡ ይሄዳል፣ የይግባኝ መብትሽ ግን ይጠበቃል። ብዙ ሰው ሳያነበው የሚያልፈው ቦታ ነው።

5669 ላይ የሥራ፣ የትምህርትና የአድራሻ ታሪክ ያለ አንድ ወር ክፍተት ይሞላ። ሥራ ያልነበረበትንም ጊዜ «ሥራ አልነበረኝም» ብሎ ይጻፈው። ክፍተት ማለት ተጨማሪ ደብዳቤ ማለት ነው፤ ደብዳቤ ደግሞ ሳምንታት ይበላል።

የሰነድ ነገር

ስለ ስሙ እኔ ልመልስ፤ የሐበሻ ፋይል በብዛት የሚጓተተው እዚህ ላይ ነውና። መሠረቱ ፓስፖርቱ ነው። በፓስፖርቱ የቤተሰብ ስም ቦታ ላይ የተጻፈው በቅጹም የቤተሰብ ስም ይሁን፣ ፊደል በፊደል። ቦታው ባዶ ከሆነ ሙሉ ስሙ በቤተሰብ ስም ቦታ ገብቶ ሌላው ባዶ ይተዋል። ከዚያ «ሌላ ስም ተጠቅመህ ታውቃለህ?» የሚለው ላይ በግሪን ካርዱ፣ በልደት ሰርተፍኬቱና በትምህርት ማስረጃው ያሉትን አጻጻፎች አንድ በአንድ ይዘርዝር። የአንድ ፊደል ልዩነትም ይግባ። በተጨማሪ፣ ሁሉም የአንድ ሰው ስሞች መሆናቸውንና ኢትዮጵያዊ ስም የራስ፣ የአባትና የአያት ስም እንጂ የቤተሰብ ስም እንደሌለው የሚያስረዳ አንድ ገጽ ደብዳቤ በቃለ መሐላ ተረጋግጦ ይያያዝ።

ቀንም እንደ ስም ነው። የቤተ ክርስቲያኑ ወረቀት በእኛ አቆጣጠር ከሆነ ተርጓሚው ሲመልሰው ተቆጣጠሪው። ጥር 12 ቀን 2013 ማለት ጃንዋሪ 20 ቀን 2021 ነው፤ ጥር 12 ቀን 2012 ግን ጃንዋሪ 21 ቀን 2020 ነው፣ ከዚያ በፊት የነበረው ጳጉሜ 6 ስለነበረ። ሰርተፍኬቱ አንድ ቀን፣ ትርጉሙ ሌላ ቀን፣ ቅጹ ደግሞ ሦስተኛ ቀን ካለ የመርማሪው ጥርጣሬ እዚያ ይጀምራል። ትርጉሙን አንቺ፣ እሱ ወይም ዘመድ መሥራት አይችልም፤ ዘመዱ ተርጓሚ ቢሆንም እንኳ።

አንድ ነገር ለሌሎችም ልበል። ካናዳ በውክልና፣ በስልክ ወይም በኢንተርኔት የተፈጸመን ጋብቻ ከጁን 11 ቀን 2015 ጀምሮ አትቀበልም። አንዱ ውጭ ሆኖ በወኪል የተፈረመ ጋብቻ በኢትዮጵያ ወረቀት ቢወጣለትም እዚህ አያገለግልም። ማለዳ፣ ሁለታችሁም በአካል ከነበራችሁ የፊርማውን ሥነ ሥርዓት ፎቶ ከሠርጉ ፎቶ ጋር ጨምሪ።

ማለዳ (ጠያቂ)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አዎ፣ ሁለታችንም በአካል ነበርን። ሁለት ነገር ልጨምር። አብረን ስላልኖርን የጋራ ሒሳብም የጋራ የቤት ውልም የለንም። እኔ ደግሞ ከተጋባን በኋላ ግብር ያሳወቅሁት «ያላገባች» ብዬ ነው፤ እሱ እዚህ ስለሌለ መስሎኝ።

ጥቁር ዓባይ

ግብሩን ማመልከቻውን ሳታስገቢ አስተካክዪ። ባልሽ ሌላ አገር ቢኖርም ለካናዳ ገቢዎች «ያገባች» ነሽ። ለውጡ መነገር የነበረበት ከተጋባችሁበት ወር ቀጥሎ ባለው ወር መጨረሻ ነው። አሁንም በገቢዎች የግል መለያሽ ገብተሽ ወይም አርሲ 65 በሚባለው ቅጽ ታስተካክያለሽ። ገቢ ላይ የተመሠረቱ ክፍያዎች እንደገና ይሰላሉ፤ የምትመልሺው ገንዘብ ሊኖር ይችላል። ከፋይሉ ጋር ግብር የተገመተበትን ማስታወቂያ ስለምታያይዢ መርማሪው የትዳር ሁኔታሽን ያየዋል። ለአንዱ መሥሪያ ቤት ያገባሁ፣ ለሌላው ያላገባሁ ማለት እውነተኛ ትዳርን ያስጠረጥራል። ከተስተካከለ በኋላ አጭር ማብራሪያ ጻፊ።

የሰነድ ነገር

እሱም አሜሪካ ውስጥ ለኢሚግሬሽንም ለግብርም የሰጠው የትዳር መረጃ ከዚህኛው ጋር መግጠም አለበት። ሁለቱ አገሮች የኢሚግሬሽን መረጃ ይለዋወጣሉ። ሐሰተኛ መረጃ የሰጠ ሰው ለ5 ዓመት ይታገዳል። ልጅ ካለው፣ አብሮት ባይመጣም፣ ከእናቱ ጋር ቢኖርም፣ ይጻፍ፣ የጤና ምርመራም ያድርግ። ዛሬ ያልተጻፈን ልጅ ነገ ስፖንሰር ማድረግ በደንቡ የተዘጋ ነው። ከ2019 ጀምሮ በውስን ሁኔታ የሚረዳ ልዩ መመሪያ ቢወጣም በእሱ ተማምኖ ማስቀረት ልጁን መበደል ነው።

ሰሜን ኮከብ

ስለ ማስረጃው፣ አብሮ አለመኖር ብቻውን አይጥልም። ሕጉ ትዳሩ እውነተኛ መሆኑንና በዋናነት ለኢሚግሬሽን ጥቅም ያልተፈጸመ መሆኑን ሁለቱንም ይመረምራል፤ ከአንዱ መውደቅ ይበቃል። አብረን ያልኖርነው በዚህ ምክንያት ነው የሚል ግልጽ ደብዳቤ አስቀድሚ፤ ሥራ፣ ድንበር፣ የሥራ ፈቃድ ማጣት። ከዚያ በምትኩ የሚቀርበውን አምጪ፦ እሱ በሥራ ቦታው ኢንሹራንስ ላይ ተጠቃሚ አድርጎ የመዘገበሽ ወረቀት፣ አንቺም በጡረታ ቁጠባሽ ላይ እሱን የመዘገብሽበት፣ የገንዘብ ዝውውሮች፣ በአደጋ ጊዜ ተጠሪነት የተመዘገባችሁበት።

በካናዳና በአሜሪካ ድንበር ፓስፖርት ላይ ማኅተም ብዙ ጊዜ አይመታም፤ ስለዚህ ለእያንዳንዱ ጉዞ የበረራ ማረጋገጫና ቦርዲንግ ፓስ ሰብስቢ። ፎቶ ከ20 አይበልጥ፣ የመልእክት ልውውጥ ከ10 ገጽ አይበልጥ ነው የሚለው ዝርዝሩ። ከተዋወቃችሁበት እስከ ዛሬ በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት ምረጪ። ሁሉም ከአንድ ቀን ሠርግ የሆኑ ሃያ ፎቶዎች ስለ አንድ ቀን ነው የሚናገሩት። ቤተሰብ ያለበትን፣ ተራ የእራት ማዕዱንም ጨምሪ፤ ከሥሩ ቀን፣ ቦታና እነማን እንደሆኑ ይጻፍ።

5532ን ስትሞሉ ተነጋገሩ። ተኮራርጃችሁ አንድ ዓይነት ዓረፍተ ነገር አትጻፉ፤ ቀናቱ ግን ይግጠሙ።

ወይና ደጋ

ስለ ሥራ ፈቃዱ መታረሜን ተቀብያለሁ። ከወንጀል ነፃ መሆኑን የሚያሳየውን የፖሊስ ማስረጃ ነገር እኔ ልጨምር። ባለፉት 10 ዓመታት፣ ከ18 ዓመቱ ወዲህ፣ 6 ወር ወይም ከዚያ በላይ በተከታታይ ከኖረበት አገር ሁሉ ያስፈልገዋል። ለአሜሪካ የሚቀበሉት የኤፍቢአይን ነው፤ በኢንተርኔት ተጠይቆ፣ በተመረጡ ፖስታ ቤቶች አሻራ ተሰጥቶ፣ 18 የአሜሪካ ዶላር ይከፈላል። አሁን የሚኖርበት አገር ስለሆነ ማመልከቻው ሲገባ 6 ወር ያላለፈው ይሁን። የኢትዮጵያው ከፌዴራል ፖሊስ ነው፤ መጨረሻ ከኖረበት ጊዜ በኋላ የወጣ ከሆነ ያገለግላል። በውክልና የሚሠራ ከሆነ ጊዜ ስለሚወስድ መጀመሪያ የሚጀመረው እሱ ይሁን። የካናዳን አሻራና ፎቶ ደብዳቤው ሲደርሰው በ30 ቀን ውስጥ እዚያው አሜሪካ በኢሚግሬሽን የአሻራ ማዕከላት ይሰጣል።

የጤና ምርመራው ካናዳ በፈቀደችላቸው ሐኪሞች ብቻ ነው፤ የሚጸናውም 12 ወር ስለሆነ ትእዛዝ ሳይመጣ አትቸኩሉ። በሽታ ቢኖርበትም «ለጤና አገልግሎቱ ብዙ ወጪ ያመጣል» በሚል ባልን ወይም ሚስትን አይከለክሉም።

ሰሜን ኮከብ

ግሪን ካርዱን አስቡበት። የካናዳ ቋሚ ነዋሪነቱን ለመጠበቅ በ5 ዓመት ውስጥ 730 ቀን ካናዳ መኖር አለበት። ከአሜሪካ ደግሞ አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ ከወጣ ግሪን ካርዱ ብቻውን አይመልሰውም። እስከ 2 ዓመት የሚያገለግል የመመለሻ ፈቃድ አለ፤ የሚጠየቀው በአይ 131 ቅጽ፣ እሱ አሜሪካ ውስጥ በአካል ሳለ ነው። ለአሜሪካ ዜግነት የቀረው ጥቂት ወር ከሆነ፣ ጨርሶ መምጣቱ ሁለቱንም በር ክፍት ያደርግለታል፤ የካናዳው ሂደት ከኩቤክ ውጭ በ12 ወር መለኪያ ስለሚሄድ ሁለቱን ጎን ለጎን ማስኬድ ይቻላል። አመልክቶ ሲጠባበቅ ግን ካናዳ ከ6 ወር በላይ ቢቆይ የአሜሪካው የነዋሪነት ቆጠራ ሊቋረጥበት ይችላል።

ሥራውንም ቤቱንም የቋሚ ነዋሪነት ማረጋገጫው በእጁ ሳይገባ አይልቀቅ።

ማለዳ (ጠያቂ)

ለዜግነት ማመልከት የሚችለው ከአምስት ወር በኋላ ነው፤ እንግዲያው አውትላንድ አስገብተን እሱ ሲያትል ይቆያል። ዛሬ ግብሩን አስተካክላለሁ፣ እሱም ለፌዴራል ፖሊሱ ውክልና ይልካል። ስሞቹን ዘርዝሬ ደብዳቤውን ስጽፍ ካላስቸገርኋችሁ አሳያችኋለሁ።

የሰነድ ነገር

አምጪው እህቴ። የፓስፖርት ቁጥሩን፣ የልደት ቀኑንና አድራሻውን ሸፍነሽ።