ስለ ዕፅዋት ሕዋስና ካልሲየም አዮን የሚያስረዳኝ እፈልጋለሁ

ጤና ይስጥልኝ። ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ካልሲየም አዮን በዕፅዋት ሕዋስ ውስጥ ስለሚያካሂደው የመልእክት ቅብብሎሽ ማስታወሻ ሳዘጋጅ አንድ ነጥብ ስላልገባኝ፣ የምታውቁ እንድታብራሩልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

መነሻው አላስቸገረኝም። በእረፍት ላይ ባለ ሕዋስ ሳይቶፕላዝም ውስጥ የነጻው ካልሲየም አዮን መጠን 100 ናኖሞላር ገደማ ብቻ ሲሆን፣ በቫኪዩሉ (በሕዋሱ ውስጥ ባለው የማከማቻ ከረጢት) እና በሕዋስ ግድግዳው በኩል ግን በሺዎች እጥፍ ይበልጣል፤ ስለዚህ በሽፋኑ ላይ ያሉት ቦዮች ለአፍታ ሲከፈቱ አዮኑ በራሱ ይገባል፣ ፓምፖች ደግሞ ኤቲፒ የተባለውን የሕዋስ የኃይል ምንጭ እየተጠቀሙ መልሰው ያስወጡታል። ካልሲየም በብዛት ቢከማች ከፎስፌት ጋር ተዋህዶ ስለሚዘቅጥ፣ ይህ ጥንቃቄ ለሕዋሱ የሕይወት ጉዳይ ነው።

የከበደኝ ቀጥሎ ያለው ነው። የውኃ እጥረትም፣ ውርጭም፣ ተምች የበቆሎ ቅጠል ሲቆረጥምም የካልሲየም መጠን ከፍ የሚል ከሆነ፣ ሕዋሱ አንዱን ከሌላው በምን ይለያል? በአንድ በኩል የጭማሪው መጠን፣ ቆይታና ድግግሞሽ መልእክቱን ይወስናል ይባላል፤ በሌላ በኩል ካልሞዱሊንን የመሳሰሉ ካልሲየም ተቀባይ ፕሮቲኖች ናቸው የሚለዩት ይባላል። እኔ ሁለቱም አብረው የሚሠሩ ይመስለኛል፤ ነገር ግን የስቶማታ (የቅጠል መተንፈሻ ቀዳዳዎች) ጠባቂ ሕዋሶችን ምሳሌ አድርጎ ደረጃ በደረጃ የሚያሳየኝ ባገኝ ደስ ይለኛል።

በተጨማሪም በአካባቢያችን አሲዳማ ማሳ ብዙ ስለሆነ፣ ኖራ ያልተጨመረበት አፈር ላይ የበቀለ ሰብል የካልሲየም እጥረት ሲያጋጥመው ይህ ቅብብሎሽ ይዳከማል ወይስ የቫኪዩሉ ክምችት ያካክሰዋል? ተማሪዎቼ ይህን መጠየቃቸው አይቀርም።