«ዲቮሉሽን»ን በአማርኛ ምን እንበለው?

ጠያቂዋ፣ ከኮዬ ፈጬ፦

ሰላም የቃል ወዳጆች። ስለ ዌልስ አስተዳደር የሚያወራ ጽሑፍ እየተረጎምኩ ነው። አንድ ቃል አላስኬድ አለኝ፤ «ዲቮሉሽን»። ነገሩ እንዲህ ነው። ለንደን ያለው የዩናይትድ ኪንግደም ፓርላማ (ዌስትሚንስተር የሚባለው) ጤናን፣ ትምህርትንና ሌሎች ጉዳዮችን ካርዲፍ ላለው የዌልስ ምክር ቤት ሰጠ። ለስኮትላንድ በኤደንብራ፣ ለሰሜን አየርላንድ በቤልፋስት እንዲሁ ተደረገ። ሦስቱም የቆሙት እ.ኤ.አ. በ1998 በወጡ ሕጎች ነው። (የእነሱን ዓመት በእነሱ፣ የኛን በኛ አቆጣጠር እንጻፍ።)

አርታዒው ቃሉን «የሥልጣን ሽግግር» አድርጎ መለሰልኝ። ይህን ያነበበ ሰው ካርዲፍ ላይ መንግሥት የተገለበጠ ይመስለዋል። እኛ ዘንድ ሽግግር ሲባል ቶሎ የሚመጣው የ1983ቱ የሽግግር መንግሥት ነው። እስቲ ሌላ ቃል አዋጡኝ።

ልጅ እግሩ፣ ከቱሉ ዲምቱ፦

«ርክክብ» በይው በቃ። እዚህ ኮንዶሚኒየም ሰፈር ከርክክብ ሌላ ምን እንሰማለን? የቤት ርክክብ፣ የቁልፍ ርክክብ፣ የኮሚቴ ርክክብ። የሲዳማ ክልል በ2012 ከደቡብ ክልል ሲወጣም «የሥልጣን ርክክብ» ነው የተባለው።

መምህርቷ፣ ከአቃቂ፦

ርክክብ ቀኑን ለመናገር ጥሩ ነው። የስኮትላንድ ፓርላማ ግንቦት 6 ቀን 1999 ተመርጦ ሥልጣኑን የተረከበው ሐምሌ 1 ነው፤ ሁለቱም በእነሱ አቆጣጠር። ለዚያች ቀን «ርክክብ» ይስማማል።

ግን ያስረከበ ሰው ፈርሞ፣ ቁልፍ ሰጥቶ፣ እጁን አራግፎ ይሄዳል። ዌስትሚንስተር የትም አልሄደም። የ1998ቱ የስኮትላንድ ሕግ 28ኛ ክፍል መጀመሪያ «የስኮትላንድ ፓርላማ ሕግ ማውጣት ይችላል» ይላል። ዝቅ ብሎ ቁጥር 7 ላይ ደግሞ ይህ የዩናይትድ ኪንግደም ፓርላማ ለስኮትላንድ ሕግ የማውጣት ሥልጣኑን አይነካም ይላል። ቁልፉን ሰጥቶ መለዋወጫውን ኪሱ ያስቀረ አከራይ ማለት ነው። ይህን «ርክክብ» የሚለው ሰው የለም።

ከሰበታ፦

«ሥልጣንን ወደ ታች ማውረድ» ለምን አትሉም? በስብሰባ ሁሉ የሚባለው እሱ ነው።

ልጅ እግሩ፣ ከቱሉ ዲምቱ፦

ሥልጣን ማውረድና ከሥልጣን ማውረድ በአንዲት «ከ» ነው የሚለያዩት። ተርጓሚዋ «ከ»ን በስህተት ብትጨምር አገር ይታመሳል 😄

ከሰበታ፦

ታዲያ «ያልተማከለ አስተዳደር»?

መምህርቷ፣ ከአቃቂ፦

እሱ ሰፊ ጃንጥላ ነው፤ ብዙ ነገር ያስጠልላል። ከ1994 ጀምሮ ወረዳዎች ጥቅል በጀት እየተሰጣቸው ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ ያስተዳድሩ ሲባል ያልተማከለ አስተዳደር ተብሏል። ወረዳ ግን በራሱ አዋጅ አያወጣም። ኤደንብራ ያወጣል። በዚያ ላይ ቃሉ አሉታ ነው፤ ምን እንዳልሆነ እንጂ ምን እንደሆነ አይነግርህም።

ጠያቂዋ፣ ከኮዬ ፈጬ፦

«ውክልና»ስ? ጓደኛዬ እሱን በይ ብላኛለች። የኛም ሕገ መንግሥት ይጠቀምበታል።

ጡረተኛው፣ ከለገጣፎ፦

ልጄ፣ ይጠቀምበታል፤ ግን ለምን እንደሆነ እይ። አንቀጽ 50 ንዑስ 9 የፌዴራል መንግሥት እንደ አስፈላጊነቱ ሥልጣኑን ለክልሎች በውክልና ሊሰጥ ይችላል ይላል። የክልል ፍርድ ቤቶችም አንዳንድ የፌዴራል ጉዳዮችን በውክልና ያያሉ። እዚያ ላይ ዳኛው የሚሠራው የሌላውን ሥራ ነው። ውልና ማስረጃ ሄደሽ መኪናዬን ይሽጥልኝ ብለሽ ውክልና ብትሰጪ ወኪሉ የሚፈርመው ስለ አንቺ ነው። ተጠያቂነቱም ለአንቺ ነው።

የካርዲፍ ምክር ቤት እንዲህ አይደለም። የሚያወጣው የራሱን ሕግ ነው፤ ስለ ለንደን አይፈርምም። የሚጠይቀው የዌልስ መራጭ ነው። ስለዚህ ውክልና አንዱን ጎን ይመታል፤ ሰጪው ሊሽረው እንደሚችል ያሳያል። ሌላውን ጎን ግን ይስታል።

እኔ አሮጌ ቃል ላንሣ። ያለ ቦታው እንዳይመስላችሁ። አባቶቻችን መሬት ላይ ሁለት የተለያዩ መብቶች ነበሯቸው፤ ርስትና ጉልት። ርስት ከዘር የሚወረስ ነው። «ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ» የተባለው ለዚህ ነው። ጉልት ግን ንጉሥ የሚሰጠው ነው። ባለ ጉልቱ ግብር ይሰበስባል፣ ያስተዳድራል፣ ይዳኛል። በአገሩ ላይ ጌታ ነው። ግን ንጉሡ ሰጥቶታልና ንጉሡ ሊነሳው ይችላል።

የዲቮሉሽን ነገር ጉልት ነው። የፌዴሬሽን ነገር ርስት ነው።

ምልክቱን ዝርዝሩ ላይ አትፈልጉት። የስኮትላንድ ሕግ ለንደን ያስቀረችውን ይዘረዝራል፤ የውጭ ጉዳይ፣ መከላከያ፣ ኢሚግሬሽን፣ ገንዘብ። ያልተዘረዘረው ሁሉ የኤደንብራ ነው። የኛ አንቀጽ 52ም ለፌዴራሉ በግልጽ ያልተሰጠው የክልል ነው ይላል። በወረቀት መንትያ ይመስላሉ። ልዩነቱ ሰጪው ማነው የሚለው ላይ ነው። እኛ ዘንድ ለፌዴራሉም ለክልሉም የሰጠው ሕገ መንግሥቱ ነው። እዚያ ግን ለኤደንብራ የሰጠው ዌስትሚንስተር ራሱ ነው፤ ያውም በተራ አዋጅ።

ልጅ እግሩ፣ ከቱሉ ዲምቱ፦

ጋሼ፣ ጉልት ያሉት ደስ ይላል፤ ግን በ1967 የመሬት አዋጅ ያበቃ ዘመን ቃል ነው። የዛሬ አንባቢ «ጉልት» ሲሉት መንገድ ዳር ቲማቲምና ሽንኩርት የሚደረደርበት ነው የሚታየው።

ጡረተኛው፣ ከለገጣፎ፦

በትርጉሙ ውስጥ ጻፉት አላልኩም። ሚዛን ነው። የምትመርጡትን ቃል በእሱ መዝኑ፤ ሰጪው መንሳት እንደሚችል ያሳያል ወይስ አያሳይም?

የራሳችንን መንደር እዩ እስቲ። ከጣፎ አደባባይ ወዲያ አዲስ አበባ ናት። ወዲህ ለገጣፎ፣ የሸገር ከተማ፣ የኦሮሚያ ክልል። የኦሮሚያ ሥልጣን ምንጩ ሕገ መንግሥቱ ነው። አዲስ አበባም ራሷን የማስተዳደር ሙሉ መብት በአንቀጽ 49 አላት። ዝርዝሩ ግን በሕግ ይወሰናል ተብሏል። ሕጉ ደግሞ የፌዴራሉ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያወጣው ቻርተር ነው፤ አዋጅ 361/1995። ስለዚህ ከአስፋልቱ ማዶ ያለው ምክር ቤት ለካርዲፍ ይቀርባል። እኛ በኩል ያለው ጨፌ፣ የኦሮሚያ ምክር ቤት፣ ይርቃል። ዳቦ ልገዛ ስሻገር በሁለት ዓይነት የሥልጣን ምንጭ መካከል ነው የማልፈው፤ ዳቦው ላይ ለውጥ ባላይም።

ከሰበታ፦

«ጨፌ» ራሱ እንዴት ያለ ቃል ነው! በኦሮምኛም በአማርኛም ለምለም ረግረጋማ መስክ ነው። የገዳ ጉባኤ የሚቀመጠው እንዲህ ያለ ሜዳ ላይ ስለሆነ ስሙ ለጉባኤው ቀረ። ከርዕስ ወጣሁ፤ ቀጥሉ።

መምህርቷ፣ ከአቃቂ፦

ጋሼ፣ ሚዛንዎን ተቀብያለሁ። ግን አንድ ነገር ይጎድለዋል። እነሱ ዘንድ «የተሰጠ ሥልጣን ያልተለቀቀ ሥልጣን ነው» የሚል አባባል አለ። እውነትም ሰሜን አየርላንድ ላይ ታይቷል። ከ1921 ጀምሮ የራሷ ፓርላማ ነበራት፤ ለንደን በ1972 አገደችው። ከ1998ቱ የስቅለት ዓርብ የሰላም ስምምነት በኋላ የቆመው ምክር ቤትም ከ2002 እስከ 2007 ታግዶ ሥልጣኑ ወደ ለንደን ተመልሷል።

ስኮትላንድን ግን ማን ደፍሮ ይነሳታል? በ1997ቱ ሕዝበ ውሳኔ 74.3 በመቶው ፓርላማ ይኑረን ብሏል። ዌልስ ላይ እንኳ 50.3 በመቶ ብቻ ነበር፤ ልዩነቱ 6,721 ድምፅ። በ2016 የወጣው የስኮትላንድ ሕግ ደግሞ ፓርላማው ቋሚ ነው፤ የስኮትላንድ ሕዝብ በሕዝበ ውሳኔ ካልወሰነ አይፈርስም አለ። በዓመቱ ለዌልስም እንዲሁ ተጻፈ። ይህ እንግዲህ ጉልት ሳይሆን ርስተ ጉልት ነው።

ጡረተኛው፣ ከለገጣፎ፦

ርስተ ጉልት! ይቺ ከአፌ ነው የተነጠቀች። በሰጪው ደግነት የመጣ፣ ግን እየቆየ እንደ ርስት የጠነከረ። ሆኖም በ2022 የስኮትላንድ ፓርላማ የነጻነት ሕዝበ ውሳኔ ልጥራ ሲል ጠቅላይ ፍርድ ቤታቸው ያለ ለንደን ፈቃድ አትችልም ብሏል። ድንበሩ አሁንም በሰጪው እጅ የተሰመረ ነው።

ጠያቂዋ፣ ከኮዬ ፈጬ፦

ገባኝ። ሌላም ወጥመድ አለብኝ። «ሪዘርቭድ» የሚለው ቃል በስኮትላንድ ለንደን ያስቀረችው ጉዳይ ነው። በሰሜን አየርላንድ ግን ሦስት መደብ አለ። የተላለፈ አለ። ጭራሽ የማይተላለፍ አለ። በመካከል ደግሞ «ሪዘርቭድ»፤ ለጊዜው ለንደን ያለ፣ ወደፊት ሊሰጥ የሚችል። ፖሊስና ፍትሕ በመካከለኛው ቆይተው በ2010 ለቤልፋስት ተሰጡ። ለሁለቱም አንድ ቃል ልጠቀም?

መምህርቷ፣ ከአቃቂ፦

አትጠቀሚ። ለስኮትላንድ «ለማዕከል የቀረ ጉዳይ» በይ። ለቤልፋስቱ «በቆይታ ያለ ጉዳይ»። እነሱ በአንድ ቃል ስለተገላገሉት እኛ አንባቢያችንን አናደናግር።

«ታገደ»ንም ተጠንቀቂባት። ከ2002 እስከ 2007 ታግዷል። ከ2017 እስከ 2020 ግን ያገደው አልነበረም። ፓርቲዎቹ አልስማማ ብለው መንግሥት ሳይቋቋም ቀረ። እሱን «ሥራ አቆመ» በይው።

ልጅ እግሩ፣ ከቱሉ ዲምቱ፦

እኔ «ሥልጣን ማጋራት» ልል ነበር፤ ያምራል።

መምህርቷ፣ ከአቃቂ፦

ያምራል፤ ግን ቤልፋስት ላይ ይጣላል። እዚያ ሥልጣን መጋራት ሌላ ነገር ነው። ከብሪታንያ ጋር እንቆይ የሚሉትና ከአየርላንድ ጋር እንዋሀድ የሚሉት አብረው መንግሥት የሚመሠርቱበት ደንብ ነው። በአንድ ገጽ ላይ ሁለቱም ከመጡ አንባቢ ይጠፋበታል። «ማካፈል»ም ያው ነው።

ጡረተኛው፣ ከለገጣፎ፦

ለተቋሙ ስም እኔ «ራስ ገዝ» እላለሁ። አገር የሚያውቀው ቃል ነው።

ልጅ እግሩ፣ ከቱሉ ዲምቱ፦

ራስ ገዝ ሲባል እኔ የሚመጣብኝ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ነው።

ጡረተኛው፣ ከለገጣፎ፦

እሱ የአሁኑ ነው። የዱሮውን ልንገርህ። በ1979 ጸድቆ በ1980 መግቢያ ሥራ ላይ የዋለው የኢሕዲሪ (የኢትዮጵያ ሕዝባዊ ዲሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ) ሕገ መንግሥት አገሪቱን አሃዳዊ ናት አለ። በዚያው አሃዳዊ መንግሥት ውስጥ ግን አምስት ራስ ገዞች ተፈጠሩ፤ ኤርትራ፣ ትግራይ፣ አሰብ፣ ድሬዳዋ፣ ኦጋዴን። ከላይ ብሔራዊ ሸንጎ፣ ከታች የራስ ገዝ ሸንጎ። በቅርጹ ከፌዴሬሽን ይልቅ ለዲቮሉሽን የሚቀርብ ነገር ነበር። ብዙም ሳይኖር በ1983 ከሥርዓቱ ጋር ቀረ። ወረቀቱ ላይ የነበረው ምን ያህል በሥራ ታየ ብትለኝ ሌላ ወግ ነው፤ ያኔ ጦርነት ነበር። ቃሉ ግን በትክክል ገጥሞ የተሰፋ ልብስ ነው። አንድ መንግሥት፣ በውስጡ ራሱን የሚገዛ ክፍል።

«ሸንጎ»ን ግን ለዌልስ አትስጡ። ደርግ ደርግ ይላል።

ጠያቂዋ፣ ከኮዬ ፈጬ፦

እንግዲያው ተቋሙ «ራስ ገዝ ምክር ቤት» ሆነ። የዌልሱ በ2020 ስሙን «ሴኔድ» ስላለ በመጀመሪያው ላይ «ሴኔድ የተባለው የዌልስ ፓርላማ» ብዬ እቀጥላለሁ። ድርጊቱስ?

መምህርቷ፣ ከአቃቂ፦

ተራውን «ሰጠ» ተጠቀሚ። ስንፈልግ የዋልነው እጃችን ላይ ነው። «ሰጠ» ብቻውን አይቆምም፤ «ነሳ» ከኋላው አለ። «እግዚአብሔር ሰጠ፣ እግዚአብሔር ነሳ» ብሎ ያላደገ አማርኛ ተናጋሪ ማን አለ? ሰጪው ማን እንደሆነ ዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ይታይ እንጂ ሌላው ራሱ ይመጣል። «ሥልጣን ተላለፈ» ብለሽ በተደራጊ ግስ ከጻፍሽው ግን ሰጪው ይሸሸግብሻል። የጋሼ ሚዛን ላይም ይወድቃል።

ጠያቂዋ፣ ከኮዬ ፈጬ፦

እንዲህ አድርጌዋለሁ፦ «የዌስትሚንስተር ፓርላማ የጤናን፣ የትምህርትንና የሌሎች ጉዳዮችን ሥልጣን በሕግ ለራስ ገዝ ምክር ቤቶች ሰጠ፤ በእነዚህ ጉዳዮች ሕግ የማውጣት ሥልጣኑን ግን ለራሱም አስቀረ።» ርዕሱ ላይ «ለራስ ገዝ ምክር ቤት ሥልጣን መስጠት» ይላል። ረዘመ፤ ይርዘም።

አንድ የቀረችኝ፣ «ዌስትሚንስተር ያለ እነሱ ፈቃድ በእነዚህ ጉዳዮች ኖርማሊ ሕግ አያወጣም» የምትለዋ ናት። «በመደበኛነት»?

ጡረተኛው፣ ከለገጣፎ፦

«እንደ ወጉ» በያት። ሎርድ ሲዌል በ1998 በላይኛው ምክር ቤት ሲናገሯት ወግ ነበረች። በ2016 ሕግ ውስጥ ገባች። በ2017 ፍርድ ቤቱ የፖለቲካ ወግ ናት፣ በክስ አታስገድድም አለ። «እንደ ወጉ» ካልሽ አንባቢው ወግ ሊጣስ እንደሚችል ያውቃል። «በመደበኛነት» የቢሮ መውጫና መግቢያ ሰዓት ነው የሚመስለው።

ከሰበታ፦

ገንዘቡስ? ለንደን ለሦስቱ የምትሰጠውን የምታሰላበት «ባርኔት ፎርሙላ» የሚባል አለ።

ጠያቂዋ፣ ከኮዬ ፈጬ፦

«የባርኔት ቀመር»። የኛም የፌዴሬሽን ምክር ቤት የድጎማ ቀመር ነው የሚለው። «ድጎማ» ለዚያኛው ይስማማል ወይ የሚለውን ለብቻው ብንከፍተው ይሻላል፤ ኤደንብራ ያለ ሰው «ግብር የከፈልኩትን ነው የመለሱልኝ፣ ድጎማ አትበሉኝ» ይል ይሆናል።