ከተከራይ የተከራየ ሱቅ፦ ባለቤቱ ቁልፍ ቢቀይር ምን መብት አለ?

ሒሳብ ያዥ (ጠያቂ)
ጤና ይስጥልኝ። አዲስ አበባ ውስጥ በግል ሕንፃ ላይ ያለ የምድር ቤት ሱቅ ነው። ዋናው ተከራይ ከባለቤቱ ጋር የሦስት ዓመት ውል አለው፤ ውሉ «ያለ አከራይ የጽሑፍ ፈቃድ ለሦስተኛ ወገን ማስተላለፍ አይቻልም» ይላል። ተከራዩ ግን «የሽርክና ውል» በሚል ሱቁን ለሌላ ነጋዴ ሰጥቶ በየወሩ ቁርጥ 65,000 ብር ይቀበላል፤ እሱ ለባለቤቱ የሚከፍለው 40,000 ነው። የስድስት ወር ቅድሚያ ተከፍሎ ሁለት ወር ተሠርቶበታል። አሁን ባለቤቱ «እኔ አላውቅህም፣ በሰባት ቀን ካልወጣህ ቁልፍ እቀይራለሁ» የሚል ወረቀት በሩ ላይ ለጥፏል። አዲሱ የኪራይ አዋጅ ለዚህ ነጋዴ ከለላ ይሆነዋል? ቀሪው የአራት ወር ገንዘብስ ከማን ይጠየቃል?

የልደታው
አዋጅ ቁጥር 1320/2016ን እርሱት፤ እሱ ለመኖሪያ ቤት ብቻ ነው። ሰው ሁሉ ሱቅ ላይ ሊጠቅሰው ይሞክራል። ንግድ ቤት የሚመራው በውሉና በፍትሐ ብሔር ሕጉ ነው።

ሁለት ነገር እንለይ። ባለቤቱ ውሉን ለማፍረስ ምክንያት አለው? አዎ፣ የተከለከለውን ማስተላለፍ እንደ መሠረታዊ የውል ጥሰት አንስቶ መከራከር ይችላል፤ ፍርድ ቤቱም በቁጥር 1785 መሠረት ይመዝነዋል። ራሱ በሩን መቆለፍ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ሱቁን በእጁ አድርጎ የሚሠራበት ሰው በቁጥር 1149 «ሁከት ይወገድልኝ» (ማለትም በይዞታዬ ላይ የሚደረገው ጣልቃ ገብነት ይቁም) ብሎ መክሰስ ይችላል። የክሱ ጊዜ ሁለት ዓመት ነው፤ ዕቃ ውስጥ ተቆልፎበት ግን ሁለት ዓመት የሚጠብቅ የለም። ስለዚህ ክሱ ሲከፈት አብሮ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 154 የእግድ ማመልከቻ በቃለ መሐላ ተደግፎ ይግባ። በሩ ገና ሳይቆለፍ ከቀረበ ዳኛው ነገሩን ባለበት ማቆየት ይቀለዋል። ከተቆለፈ በኋላ «ይከፈትልኝ» ማለት ዋናውን ፍርድ አስቀድሞ እንደመጠየቅ ስለሚቆጠር ይከብዳል።

ተከሳሹ የሚያነሳው መቃወሚያ ከወዲሁ ይታወቃል፦ «ከእኔ ጋር ውል የለውም፣ ይዞታው ሕጋዊ አይደለም» ይላል። ለዚህ ነው ማስረጃው ወፍራም መሆን ያለበት። የተለጠፈውን ወረቀት ሳይነቅሉ በሩም እንዲታይ አድርገው ፎቶ ያንሱት። የዕቃ ቆጠራ በሁለት ምስክር ፊት ተሠርቶ ይፈረም፤ ዓይነት፣ ብዛት፣ የግዢ ደረሰኝ ቁጥር ይግባበት። ባለቤቱ መብራት ቢያስቆርጥም ያው ሁከት ነው፤ የተቆረጠበት ቀንና ሰዓት ይመዝገብ። ፖሊስ ብዙ ጊዜ «ፍትሐ ብሔር ነው» ብሎ ይመልሳል፤ ቢሆንም አቤቱታው እንዲመዘገብ ይጠየቅ፣ ኋላ የቀን ማስረጃ ይሆናል።

ግብር ነክ
ስለ «ሽርክናው» ልጨምር። ትርፍም ኪሳራም ሳይጋሩ በየወሩ ቁርጥ ገንዘብ መቀበል ስሙ ምንም ቢሆን ኪራይ ነው። ችሎት ላይ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ኪሳራ ቢመጣ ማን ይሸከም ነበር?» ነው። የጋራ መዝገብ የለም፣ ሁለቱም ያሉበት ንግድ ፈቃድ የለም፤ መልስ አይኖረውም።

ነጋዴው በማን ፈቃድ ነው የሚሸጠው? በዋናው ተከራይ ፈቃድ ከሆነ ከኪራዩ የባሰ ጣጣ አለ፤ ንግድ ፈቃድን ለሌላ ሰው መገልገያ መስጠት በአዋጅ ቁጥር 980/2008 የተከለከለ ነው። ክስ ከመክፈቱ በፊት ጠበቃው ይህን ይወቅ፤ ከአንደበቱ ወጥቶ መዝገብ ላይ የሰፈረ ነገር ተመልሶ አይነሳም።

ባለቤቱ የሚደነግጠው ደግሞ በከንቱ አይደለም። በገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ተከራይቶ የሚያከራይ ሰው በልዩነቱ ላይ ግብር ይከፍላል፤ እዚህ በወር 25,000 ብር መሆኑ ነው። ተከራዩ ካልከፈለ፣ ማከራየቱን የፈቀደው የሕንፃው ባለቤት ይጠየቅበታል። ፈቃድ በጽሑፍ ለመስጠት የሚያንገራግሩት በዚህም ጭምር ነው።

ሕንፃ አስተዳዳሪ
ከአከራይ ወገን ያለውን ልናገር፤ ባለቤቶች ይህን ጉዳይ የሚያበላሹት ራሳቸው ናቸው። ሁለተኛው ሰው እንደገባ እያወቁ ኪራይ ይቀበላሉ፤ አንዳንዴም በቀጥታ ከእሱ ሒሳብ። የባንክ ወረቀት ላይ «የጥቅምት ወር ኪራይ» ተብሎ በእሱ ስም የገባ አንድ ክፍያ ካለ «አላውቅህም» የሚለው ክርክር ይላላል። ጠያቂው እንዲህ ያለ ወረቀት ካለ ፈልግ።

ሁለተኛው ስህተት ማስጠንቀቂያውን በሩ ላይ ለጥፎ መሄድ ነው። ውል የፈረመው ዋናው ተከራይ ስለሆነ ለእሱ በእጁ ደርሶ ቅጂው ላይ ይፈርም፤ እምቢ ካለ በምስክር ወይም በአደራ ፖስታ። ሰባት ቀን የሚለውም ከየት መጣ? ኪራይ ባለመክፈል ለሚሰጥ ማስጠንቀቂያ እንኳ ሕጉ በቁጥር 2952 የአንድ ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆነ ውል ሠላሳ ቀን፣ ከዚያ ላነሰ አሥራ አምስት ቀን ነው የሚለው።

ሦስተኛ፣ ዋናውን ተከራይ ብቻ ከሶ ፍርድ ማምጣት። አፈጻጸም ሲመጣ ውስጥ ያለው ሰው «እኔ ሳልሰማ ነው» ብሎ በሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 358 መቃወሚያ ያስገባል፤ ወራት ይባክናል። ሁለቱም በአንድ ክስ መከሰስ አለባቸው።

አንድ ነገር ግን ይጣራ፦ ሕንፃው በእርግጥ የግል ነው? የቀበሌ ወይም የፌዴራል ቤቶች ኮርፖሬሽን ከሆነ እስካሁን የተባለው አብዛኛው አይሠራም፤ እዚያ ሦስተኛ ወገን ተገኘ ማለት ለዋናው ተከራይም ውል ማቋረጫ ነው።

ሒሳብ ያዥ
የግል ነው፣ ካርታውን አይቻለሁ። ለባለቤቱ በቀጥታ የተከፈለ የለም፣ ሁሉም በዋናው ተከራይ በኩል ነው። መደርደሪያና የመስታወት ሥራም ተሠርቷል።

የልደታው
እንግዲያው ከባለቤቱ ጋር ረጅም ክርክር አልመክርም። እግዱ ጊዜ ይገዛል እንጂ ሱቁን አያስቀርም። ገንዘቡ የሚጠየቀው ከተቀበለው፣ ከዋናው ተከራይ ነው፦ ውሉ ሲፈርስ የአራት ወሩ 260,000 ብር በቁጥር 1815 ይመለሳል፤ ጉዳት ካለ በቁጥር 1790 ይጨመራል። ክልከላውን እያወቀ ከተዋዋለ ግን የጉዳት ካሳው ላይ ይከራከሩታል። ስለዚህ ዋናውን ውል አሳይቶት ነበር ወይ የሚለውን አጥሩ።

የተሻለው መንገድ ሦስቱን ማስቀመጥ ነው። ዋናው ተከራይ ሱቁን በጽሑፍ ይለቃል፤ ባለቤቱ ለነጋዴው በስሙ አዲስ ውል ይሰጣል፤ ሁሉም በአንድ ቀን ውልና ማስረጃ ይፈረማል። ከዋናው ተከራይ የሚመለሰው ገንዘብ በሲፒኦ ቀርቦ ከመፈረሙ በፊት ይታይ። ባለቤቱ በ40,000 እንደማይሰጥ ግልጽ ነው፣ ድርድሩ እዚያ ላይ ይሆናል። መደርደሪያው ተፈትቶ የሚወጣ ከሆነ «የተከራይ ንብረት» ተብሎ በዝርዝር ይግባ፤ ግድግዳ ላይ የተጣበቀው መስታወት ዋጋ ካልተጻፈለት ለሕንፃው ይቀራል። ባለቤቱ የሚፈርመው በውክልና ከሆነም ውክልናው ማከራየትን በግልጽ መጥቀሱን ሳታዩ ብር እንዳትከፍሉ።