ሐይቅን ልቅረጽ ወይስ አንድ ቤት? ለመመረቂያ ፊልሜ ምክር ፈለግሁ

የጦሳ ልጅ (ጠያቂ)
ለመመረቂያዬ የአሥር ደቂቃ ፊልም እያዘጋጀሁ ነው። አንዲት የደሴ እናት ዓረብ አገር ያለች ልጇ እስክትደውል ቡና ታፈላለች፤ ስልኩ የሚጮኸው በረካው ላይ ነው። ሐይቅን፣ የባቲን የሰኞ ገበያና የጦሳን ተራራ ላስገባ አስቤአለሁ፤ ወሎን ያላየ እንዲያያት እፈልጋለሁ። ለልጅቷም ባዶ ሲኒ ረከቦቱ ላይ ላስቀምጥ ነው። መምህሬ ግን «ቦታ አብዝተሻል» አሉኝ። ያለኝ አንድ ካሜራ፣ አንድ ማቆሚያና ነጭ ሰሌዳ ብቻ ነው።

ካሜራ ያዥ፣ ከኮምቦልቻ
እህቴ፣ መምህርሽ እውነታቸውን ነው። ሴትዮዋ ከቤት አትወጣም፤ ካሜራው ሐይቅ ምን ይሠራል? በምሥራቅ በኩል መስኮት ያለው ቤት ፈልጊ። ጠዋት ከአንድ እስከ ሦስት ሰዓት ፀሐይዋ ዝቅ ብላ ትገባለች። የዕጣን ጢስ ብርሃን ከፊት ሲመታው ይጠፋል፤ መስኮቱ ከጢሱ ኋላ በጎን ሆኖ ግድግዳው ጠቆር ሲል ግን እየተጠቀለለ ሲወጣ በግልጽ ይታያል። ፊቷ ከጨለመ ብርሃኑን እንዲመልስላት ነጩን ሰሌዳ ከመስኮቱ ትይዩ አቁሚው። ነጭ ነጠላ በኖራ ግድግዳ ላይ ስለሚዋጥ በጭቃ የተመረገ ቤት ይሻላል። አምፖል ከበራ፣ መብራታችን 50 ኸርዝ ስለሆነ፣ በሰከንድ 25 ፍሬም፣ የካሜራውን የመዝጊያ ፍጥነት 1/50 ሰከንድ አድርጊ፤ አለዚያ ምስሉ ሊርገበገብ ይችላል። የውጭ ምስል ካስፈለገሽ እዚያው ደሴ ቅረጪ። ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ቢርቅም ከደሴ በብዙ መቶ ሜትር ዝቅ ይላል፤ እናንተ ጉም ውስጥ ስትሆኑ እኛ ፀሐይ እንሞቃለን።

የሆጤ እናት
ልጄ፣ ካሜራ አላውቅም፤ ቡናውን ግን ስሚኝ። አቦል ሲቀዳ ከሰሉ ፍም ነው፤ በረካ ላይ አመድ ለብሷል። ቄጠማውም ጠውልጓል። በረካውን አስቀድመሽ ብትቀርጪ የእኛ ሰው ወዲያው ያውቅብሻል። ባዶ ሲኒውን ተዪው፤ ልጅቷን የሞተች ያስመስላታል። እናት ልጇ በሕይወት እያለች እንዲህ አታደርግም። ይልቅ ዱዓው ላይ እጇን ዘርግታ ሳለ ዓይኗ ስልኩን ይመልከት።

የጦሳ ልጅ
ሲኒውን አወጣሁት፤ ሐይቅንም ተውኩት። ከአቦል እስከ በረካ በቅደም ተከተል እቀርጻለሁ። እማማ፣ ፈቃድዎ ከሆነ ሲያፈሉ እጅዎን ልቅረጽ?

የሆጤ እናት
ቅዳሜ በጠዋት ነይ። ቄጠማውን አንቺ ይዘሽ ነይ፤ ቡናው ከእኔ ነው።