የድሮ መጽሐፍና ሸክላ ዓመት ወደ ፈረንጅ ሲመለስ ለምን አይገጥምም?

መዝገብ_ያዥ፦

ሰላም ለቤቱ። የድሮ መጻሕፍት፣ ሸክላና ካሴት ዝርዝር በኤክሴል እየተዘጋጀ ነው። ሌላው ገጽ ላይ የታሪክ ሰዎች የልደት፣ የንግሥናና የሞት ቀን ይገባል። ዓ.ም. እና እ.ኤ.አ. ጎን ለጎን እንዲቀመጡ ነው የተፈለገው፤ ግን አራት ቦታ ላይ ሥራው ቆሟል።

«ፍቅር እስከ መቃብር» የመጀመሪያ እትሙ 1958 ዓ.ም. ነው። የውጭ ቤተ መጻሕፍት ግን አንዱ 1965፣ ሌላው 1966 ብለው መዝግበውታል። የቱ ይጻፍ? ሁለተኛ፣ የዓድዋ ድል የካቲት 23 ቀን 1888 ነው። መጻሕፍቱ ማርች 1 ቀን 1896 ይላሉ፤ በዓሉ ግን በየዓመቱ ማርች 2 ላይ ነው የሚውለው። ማን ነው የተሳሳተው? ሦስተኛ፣ ኤክሴሉ ራሱ 1896ን እንደ ቀን አልቀበልም አለ። አራተኛ፣ ሸክላዎቹ አብዛኞቹ ዓመት የላቸውም። በግዕዝ ቁጥር የተጻፉትን መጻሕፍት ደግሞ ሁለት ሰው ሁለት ዓይነት አንብቧቸዋል። እባካችሁ የምታውቁ አግዙኝ።

ጳጉሜን_6፦

ከዓመቱ እንጀምር። «8 ደምር» የሚለው ግማሽ እውነት ነው። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ድረስ የሚደመረው 7 ነው፤ ከታኅሣሥ 23 እስከ ጳጉሜን መጨረሻ 8 ይሆናል፤ ፈረንጁ ዓመቱን የሚለውጠው ታኅሣሥ 23 ላይ ነውና። በዘመነ ዮሐንስ (ለ4 ያለ ትርፍ በሚካፈል ዓመት) ብቻ አንድ ቀን ቀድሞ ታኅሣሥ 22 ላይ ይለወጣል። ስለዚህ ወሩ ያልታወቀ መጽሐፍ አንድ ቁርጥ ያለ የፈረንጅ ዓመት የለውም። 1958 ዓ.ም. ማለት ከሴፕቴምበር 11 ቀን 1965 እስከ ሴፕቴምበር 10 ቀን 1966 ያለው ጊዜ ነው። ሁለቱም ቤተ መጻሕፍት ግማሹን ይዘዋል። 1965/66 ብለህ ጻፈው፤ ወይም «ከ» እና «እስከ» የሚሉ ሁለት ዓምዶች ክፈት።

አንድ ዓመት ብቻ ካልጻፍክ የሚባል ከሆነ 8 ደምር። ከ365 ቀን ውስጥ 7 የሚደመርባቸው 112 ብቻ ናቸውና ብዙ ጊዜ አትስትም። ለካሴት ግን ይህ አይሠራም፣ ምክንያቱን ከታች የሚያውቁት ይንገሩህ።

ዓድዋ ላይ ማንም አልተሳሳተም። በእኛ አቆጣጠር በየ4 ዓመቱ ያለ ማቋረጥ ጳጉሜን 6 ትሆናለች። ፈረንጁ ግን 1700ን፣ 1800ን እና 1900ን ፌብሩዋሪ 29 ነሥቷቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1900 ያቺ ቀን ስለቀረች የሁለቱ ልዩነት በአንድ ቀን ሰፋ። ድንበሩ የካቲት 22 ቀን 1892 ዓ.ም. ነው፤ በፈረንጅ ማርች 1 ቀን 1900 ማለት ነው። ከዚያ በፊት፣ ወደ ኋላ እስከ ማርች 1 ቀን 1800 እ.ኤ.አ. ድረስ ላለ ማንኛውም ቀን፣ የዛሬው ስሌት ከሚሰጥህ ላይ አንድ ቀን ትቀንሳለህ። ለዚህ ነው ጦርነቱ ማርች 1 የተደረገው፣ በዓሉ ማርች 2 የሚውለው። ስልክ ላይ ካሉት መቀየሪያዎች ይህን የማያውቁ አሉ፤ የካቲት 23 ቀን 1888ን አስገብተህ ማርች 1 ካላወጣልህ ለ19ኛው ክፍለ ዘመን አትመነው።

በእጅ ለሚያሰላ የወሮቹ መነሻ ይኸውና፣ ከ1892 ወዲህ ላለው፦ መስከረም 1 ሴፕቴምበር 11፣ ጥቅምት 1 ኦክቶበር 11፣ ኅዳር 1 ኖቬምበር 10፣ ታኅሣሥ 1 ዲሴምበር 10፣ ጥር 1 ጃንዋሪ 9፣ የካቲት 1 ፌብሩዋሪ 8፣ መጋቢት 1 ማርች 10፣ ሚያዝያ 1 ኤፕሪል 9፣ ግንቦት 1 ሜይ 9፣ ሰኔ 1 ጁን 8፣ ሐምሌ 1 ጁላይ 8፣ ነሐሴ 1 ኦገስት 7፣ ጳጉሜን 1 ሴፕቴምበር 6። በዘመነ ዮሐንስ ከመስከረም እስከ የካቲት ያሉት መነሻዎች አንድ ቀን ይገፋሉ፤ ከመጋቢት ጀምሮ ወደ ቦታቸው ይመለሳሉ።

ዘመኑን ለማወቅ ዓመተ ምሕረቱን ለ4 አካፍል። 1 ከተረፈ ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ ምንም ካልተረፈ ዮሐንስ። 1888 ያለ ትርፍ ይካፈላል፣ ስለዚህ ዮሐንስ ነው።

አርባ_አምስት_ዙር፦

ስለ ሸክላው። መጀመሪያ «ሸክላ» በሚለው ስም ሁለት የተለያየ ዕቃ እንደሚጠራ ልብ በል። በደቂቃ 78 የሚዞረው ጥንታዊው ከባድና ተሰባሪ ነው፣ ከወደቀ አለቀለት። የ45ቱና የ33ቱ ቪኒል ነው፤ ትንሽ ይተጣጠፋል። ዓመት ፍለጋ ጽሑፉን ልታጸዳ ስትል ይህን ለይ፦ 78ቱ ላይ አልኮል እንዳይነካ። የተሠራበት ሼላክ በአልኮል ይሟሟል፣ ገጹ ደብዝዞ ድምፁም አብሮ ይሄዳል። በንጹሕ ውኃ በረጠበ ለስላሳ ጨርቅ ክቡን ተከትለህ ጥረግ፣ መሃል ያለው ወረቀት ግን አይርጠብ።

መሃሉ ላይ ያለው ወረቀት ዓመት ከሌለው ሙዚቃው አልቆ መርፌዋ የምትንሸራተትበትን ባዶ ቀለበት ተመልከት። እዚያ ላይ በእጅ የተጫረ ወይም የታተመ ቁጥር ይኖራል። የእጅ ባትሪ ከጎን ዝቅ አድርገህ አብራ እንጂ ከላይ አታብራ፤ ከላይ ካበራህ ያንጸባርቅና ምንም አይታይህም። ያ ቁጥር ብዙ ጊዜ የአሳታሚው ተራ ቁጥር ነው። የአንድ አሳታሚ ሸክላዎችን በቁጥር ቅደም ተከተል ደርድር፤ ከመካከላቸው ዓመታቸው የታወቁትን ምልክት አድርግ፣ ያልታወቀው በሁለቱ መካከል ይወድቃል። ቁርጥ ያለ ዓመት ባይሰጥህም ክልሉን ያጠብልሃል።

የአሳታሚው ዕድሜም ይረዳል። አምሐ ሬኮርድስ የሠራው እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1975 ነው። የእሱ ስም ያለበት ሸክላ ላይ «1955 ዓ.ም.» ብሎ የጻፈ ሰው ካለ ከየት እንዳመጣው ጠይቀው። ዘፈኑ ቀድሞ የተሠራ ሊሆን ይችላል፣ ሸክላው ግን አይሆንም። የዘፈኑ ዓመትና የሸክላው ዓመት ሁለት ዓምድ ይገባቸዋል።

ካሴት ላይ ጳጉሜን_6 ያለው ትክክል ነው። ለእንቁጣጣሽ ተብሎ የወጣ ካሴት ብዙ ነው። ሽፋኑ ላይ 1985 ካለና መልካም አዲስ ዓመት የሚል ምኞት ወይም አደይ አበባ ካለበት በፈረንጅ 1992 ነው፤ 8 ደምረህ 1993 ብትለው አንድ ዓመት ዘለልክ። ለገናና ለፋሲካ የወጣው ግን 8 ይደመርበታል።

መዝገብ_ያዥ፦

በጣም አመሰግናለሁ፣ ዓድዋ ተፈታ። በዚያው ስሌት የነገሥታቱን ልደት ስሞክር ግን አንዱ ገጠመ፣ አንዱ አልገጠመም። ዳግማዊ ምኒልክ ነሐሴ 12 ቀን 1836፣ ኦገስት 17 ቀን 1844 ይወጣል፤ መጻሕፍቱም እንዲሁ ነው የሚሉት። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሐምሌ 16 ቀን 1884 ላይ ግን ስሌቱ ጁላይ 22 ይሰጣል፣ መጻሕፍቱ ጁላይ 23 ይላሉ። የት ጋ ነው የሳትኩት?

ጳጉሜን_6፦

አልሳትክም። 1884 ከድንበሩ በፊት ስለሆነ ሐምሌ 1 የሚውለው ጁላይ 7 ነው፣ ሐምሌ 16 ደግሞ ጁላይ 22፣ ዓርብ። ጁላይ 23 የሚመጣው የ20ኛው ክፍለ ዘመን ልዩነት ወደ ኋላ ሲጫን ነው። በየመጽሐፉ ሰፍቶ የታተመው ግን 23 ስለሆነ አታጥፋው። ዓ.ም.ውን እንደ ዋና ያዝ፣ 23ን «በብዛት የሚጻፈው» በሚል ማስታወሻ አስቀምጥ። አለዚያ ዝርዝሩን የሚያይ ሁሉ ሊያርምህ ይመጣል።

ዕለቱን ከየት አመጣህ እንዳትለኝ፣ እነሆ። ዓመተ ምሕረቱን ውሰድ፤ እሱኑ ለ4 አካፍለህ ትርፉን ጥለህ ደምርበት፤ የወሩን ተራ ቁጥር (መስከረም 1፣ ጳጉሜን 13) እጥፍ አድርገህ ደምር፤ ቀኑን ደምር፤ በመጨረሻም 5 ጨምር። ድምሩን ለ7 አካፍለህ የሚተርፈው ዕለቱ ነው፦ 0 ሰኞ፣ 1 ማክሰኞ፣ እያለ 6 እሑድ።

ዓድዋ፦ 1888 ሲደመር 472 ሲደመር 12 ሲደመር 23 ሲደመር 5፣ 2400። ለ7 ሲካፈል 6 ይተርፋል። እሑድ፤ ውጊያውም እሑድ ነበር። የዐፄ ቴዎድሮስን ሞት፣ ሚያዝያ 6 ቀን 1860ን ሞክረው፦ 1860፣ 465፣ 16፣ 6፣ 5፣ ድምሩ 2352። ምንም አይተርፍም፣ ሰኞ። የፋሲካ ማግስት ነው። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ንግሥ፣ ጥቅምት 23 ቀን 1923ም እሑድ ይወጣልሃል።

ጥቅሙ ይህ ነው፦ የድሮ ጸሐፊዎች ዕለቱን ከቀኑ ጋር ስለሚጽፉ፣ ሁለቱ ካልተስማሙ አንዱ ላይ የማተሚያ ቤት ስሕተት አለ ማለት ነው። ዘመነ ማርቆስ፣ ዘመነ ሉቃስ የሚለውም እንደዚሁ ይመሰክርልሃል። «በ1881 በዘመነ ሉቃስ» የሚል ካገኘህ ወይ ዓመቱ ወይ ወንጌላዊው ተሳስቷል፤ 1881 ማቴዎስ ነው።

ነቁጥ፦

የመጽሐፉ ክፍል ስለቀረ። የግዕዝ ቁጥር ዜሮ የለውም፤ ሁለቱ አንባቢዎች የተጣሉት በዚህ ይመስለኛል። ፻ ከፊቱ ያለውን በመቶ ያበዛል እንጂ አይደመርም። ፲፱፻፶፰ ማለት 19 ጊዜ 100፣ ሲደመር 58 ነው። ፲፱፻፫ 1903፣ ፲፱፻፴ ደግሞ 1930፤ ፊደሎቹ ስለሚቀራረቡ 27 ዓመት የሚያህል ስሕተት በአንዲት ጭረት ይገባል። ቀለሙ የፈዘዘ እትም ላይ ፮ እና ፯ም ይምታታሉ። አጉሊ መነጽር ከመፈለግህ በፊት እዚያው መጽሐፍ ውስጥ የገጽ ወይም የምዕራፍ ቁጥሩ በግዕዝ ከሆነ 6ኛውንና 7ኛውን ገልጠህ ከእነሱ ጋር አስተያይ፤ ያው የማተሚያ ፊደል ነው።

፸፬፻ን የመሰለ ትልቅ ቁጥር ካየህ ዓመተ ዓለም (ከዓለም ፍጥረት የሚቆጠር) ነው። 74 ጊዜ 100፣ 7400፤ 5500 ስትቀንስ 1900 ዓ.ም.።

መቅድሙ ሥር ያለውን ቀን የእትሙ ዓመት አድርገህ አትውሰድ። በሁለተኛና በሦስተኛ እትም የመጀመሪያው መቅድም እንዳለ ይደገማልና። የሽፋኑን ውስጥ ገጽና የመጨረሻውን ገጽ እይ፣ ማተሚያ ቤቱ ብዙ ጊዜ እዚያ ነው የሚጽፈው። በጣልያን ወረራ ጊዜ የታተመ ከሆነ በሮማ ቁጥር የፋሺስት ዘመን ሊኖርበት ይችላል። የሚቆጠረው ከኦክቶበር 29 ቀን 1922 ነው፤ 15ኛው ዓመት ከኦክቶበር 29 ቀን 1936 እስከ ኦክቶበር 28 ቀን 1937 ያለው ነው።

ከእንግሊዝኛ ተገልብጦ «ዓ.ም.» የተለጠፈበት ዓመትም ይፈትንሃል። «ጃንሆይ በ1930 ዓ.ም. ነገሡ» የሚል ካነበብክ፣ በ1930 ዓ.ም. ስደት ላይ ነበሩ። 1930 የፈረንጁ ነው።

ኤክሴሉ ከ1900 በፊት ያለን ቀን አያውቅም፣ አትታገለው። (1900 ፌብሩዋሪ 29 ነበረው ብሎም ያምናል፤ ከዚህ ጋር ምን ትከራከራለህ።) ዓምዱን አስቀድመህ «ጽሑፍ» አድርግና 1896-03-01 እያልክ ጻፍ፦ ዓመት፣ ወር፣ ቀን፣ ወሩና ቀኑ ሁልጊዜ በሁለት አኃዝ። ጽሑፍ ቢሆንም ቅደም ተከተሉን ጠብቆ ይደረደራል። ለዓ.ም.ውም እንዲሁ 1888-06-23። የወሩን ስም ከጻፍክ ሐምሌ ከመስከረም በፊት ይመጣብሃል።

ስም ላይ፣ ሀዲስ ዓለማየሁን «ዓለማየሁ፣ ሀዲስ» ብለህ አትገልብጥ፤ በራሳቸው ስም ነው የሚደረደሩት። ማዕረጉን (ደጃዝማች፣ ብላቴን ጌታ) ለብቻው ዓምድ ስጠው፣ አለዚያ ግማሹ ዝርዝር በ«ደ» ሥር ይከማቻል። የፈረስ ስምም ዓምድ ይፈልጋል፦ አባ ታጠቅ ብሎ ያለፈውን ጸሐፊ ከቴዎድሮስ፣ አባ በዝብዝን ከዮሐንስ 4ኛ፣ አባ ዳኘውን ከምኒልክ፣ አባ ነጋን ከራስ አሉላ ጋር ካላገናኘህ አንድ ሰው ሁለት ሆኖ ይመዘገባል። ደግሞም ኃይለ፣ ሃይለ፣ ኀይለ እየተባለ ስለሚጻፍ ፍለጋው ይጠፋብሃል። በተደበቀ ዓምድ ሐ፣ ኀ፣ ኃ፣ ሃን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐ፣ ዓን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ ለውጠህ አንድ ቅጂ አስቀምጥና በእሱ ፈልግ። የሚታየውን ግን ጸሐፊው እንደጻፈው ተው።

መዝገብ_ያዥ፦

1930ው ላይ አራት ስሕተት አሁኑኑ አገኘሁ። አንድ ጥያቄ ቀረ፦ ቀንና ወር ኖሮት ዓመቱ የጠፋ የቴአትር ማስታወቂያ አለ፣ «እሑድ ጥር 12» ብቻ ይላል።

ጳጉሜን_6፦

ቀመሩን ገልብጠው። ጥር 12 እሑድ የሚውልባቸው ዓመታት በ28 ዓመት ውስጥ 4 ብቻ ናቸው። ከ1950 እስከ 1967 ያሉትን አንድ በአንድ አስገባ፤ 1955፣ 1960 እና 1966 ብቻ ናቸው 6 የሚተርፋቸው። ከዚያ የተዋንያኑ ዝርዝር ይለይልሃል።