ራሴ ከቍርባን ርቄ ሳለሁ ክርስትና ማንሣት ይገባኛልን?

ጠያቂ (ከጎንደር፣ አዘዞ)፦

ዕድሜዬ 28 ነው፤ ተወልጄ ያደግሁትም እዚሁ ጎንደር ነው። አብሮ አደግ ጓደኛዬ ወንድ ልጅ ተወልዶለታል። ሕፃኑ አርባ ቀን ሊሞላው 12 ቀን ቀርቶታል፤ ክርስትና እንዳነሣለትም ለምኖኛል። አበልጅነት በእኛ ዘንድ ከሥጋ ዝምድና የማያንስ መሆኑን አውቃለሁና ወዲያው እሺ ማለት ነበረብኝ። ነገር ግን አፌ ተያዘ።

ምክንያቱን ልግለጽ። ባለፈው ዓመት የእኅቴ ልጅ ክርስትና ስትነሣ ክርስትና ቤቱ ውስጥ ቆሜ ነበር። የክርስትና እናቷ ሕፃኗን ታቅፋ ወደ ምዕራብ ዞራ «እክሕደከ ሰይጣን» (ሰይጣን ሆይ፣ እክድሃለሁ) ስትል፣ ከዚያም ወደ ምሥራቅ ተመልሳ እምነቷን ስትመሰክር ሰማሁ። ከዚያ ቀን በፊት በብዙ ክርስትና ላይ ተገኝቻለሁ፤ የማስታውሰው ግን ድግሱን ብቻ ነው። ያን ዕለት ቃሉ ወደ ልቤ ገባ። እኔ በልጅነቴ እናቴ አዝላ እየወሰደች ታስቆርበኝ ነበር፤ ከ12 ዓመቴ ወዲህ ግን ሥጋ ወደሙ ተቀብዬ አላውቅም። የንስሐ አባት አለኝ፤ ይሁን እንጂ ቤታችን ሲመጡ መስቀል ከመሳለም በቀር ስለ ራሴ አንድ ነገር እንኳ ነግሬአቸው አላውቅም። ማዕተቤን ከአንገቴ አልበጠስሁም፤ ጾምም እጾማለሁ። በየዓመቱ ጥር 11 ቀን ማለዳ፣ በፋሲለደስ ጥምቀተ ባሕር ውኃው ከተባረከ በኋላ ከወጣቶቹ ጋር ዘልዬ እገባለሁ፤ ይህንንም ጥምቀቴን እንደ ማደስ እቈጥረው ነበር።

ታዲያ እኔ ያልኖርሁበትን ቃል ስለ ሌላ ሰው ሕፃን ሆኜ በእግዚአብሔር ፊት ልናገር? ወይስ ጓደኛዬን ሌላ ሰው ፈልግ ልበለው?

አንድ ዲያቆን፦

ወንድሜ፣ ጥያቄዎ ብዙዎቻችን ልንጠይቀው ሲገባን ያለፍነው ነው። አስቀድሜ ስለ ጥምቀተ ባሕሩ ያነሡትን ላቃና። ጥር 10 ቀን ታቦታቱ ወርደው በሚያድሩበት በዚያ ስፍራ፣ ከቀሃ ወንዝ ተጠልፎ ገንዳውን የሚሞላው ውኃ ተባርኮ ሲረጭም ሆነ ሰው ሲገባበት፣ የሚፈጸመው ጌታችን በዮርዳኖስ የተጠመቀበት መታሰቢያ ነው፤ ምእመናንም በረከት ያገኙበታል። ዳግም ጥምቀት ግን አይደለም። በየቅዳሴው በምንደግመው ጸሎተ ሃይማኖት በአንዲት ጥምቀት እንደምናምን እንመሰክራለን፤ አንዲት መሆኗም ሰው ሁለት ጊዜ እንደማይወለድ ሁሉ ልጅነትም ሁለት ጊዜ ስለማይሰጥ ነው። ከጥምቀት በኋላ የወደቀ ሰው የሚነሣው በውኃ ገንዳ ሳይሆን በንስሐና በቍርባን ነው። ይህን የምለው በዓሉን ለማሳነስ አይደለም፤ እኔም በዚያው በዓል ከበሮ እየመታሁ ያደግሁ ነኝ። ነገር ግን በዓመት አንድ ማለዳ የሚገኝ ደስታ የዓመቱን ቀናት ሁሉ እንዲሸፍንልን ስንፈልግ አያለሁ፤ ይህም ያሳዝነኛል።

ወደ ዋናው ጥያቄ ልምጣ። ወንድ በአርባ፣ ሴት በሰማንያ ቀን የሚጠመቁት ሕፃናት ለራሳቸው መልስ መስጠት ስለማይችሉ ቤተ ክርስቲያን የእነርሱን አፍ ከእርስዎ ትዋሳለች። ስለዚህ ክርስትና አባት ማለት ሕፃኑን የሚታቀፍ ሰው ብቻ አይደለም። ልጁ ሲያድግ «ያኔ በአንተ ፈንታ እንዲህ ብዬ ነበር» ብሎ ቃሉን መልሶ የሚያስረክበው፣ ሃይማኖቱን የሚያስተምረው፣ ሲስት የሚገሥጸው ሰው ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ በሮሜ ምዕራፍ 6 ጥምቀትን ከክርስቶስ ጋር መሞትና መቀበር፣ ከዚያም በአዲስ ሕይወት መመላለስ ይለዋል። አዲሱ ሕይወት እንዴት እንደሆነ ሕፃኑ የሚያየው ከእርስዎ ነው።

እንግዲህ ቃሉን ላለመናገር መሸሽ መፍትሔ አይመስለኝም፤ እርስዎም በአርባ ቀንዎ ይኸው ቃል ስለ እርስዎ ተነግሯልና ዕዳው አስቀድሞም በላይዎ አለ። 12 ቀን አለዎት። ዛሬውኑ የንስሐ አባትዎን ያግኙና ሳይሸሽጉ ይንገሯቸው፤ ቀኖናውን ይቀበሉ፤ እርሳቸው ከፈቀዱልዎትም 18 ሰዓት ጾመው ሕፃኑ በሚቈርብበት ዕለት አብረውት ይቍረቡ። ካልፈቀዱልዎት ደግሞ እስኪፈቅዱ ይታገሡ፤ ያኔ ስለ ክርስትና ማንሣቱም የእርሳቸውን ምክር ይከተሉ።

አንዲት እናት (ከማራኪ)፦

ልጄ፣ እኔ የሰባት ሴቶች ልጆች ክርስትና እናት ነኝ። ሲለምኑኝ እንቢ ብዬ አላውቅም፤ ሰው ወዶኝ ነው ብዬ ደስ ይለኝ ነበር። ነጠላዬን አጣፍቼ፣ ለሕፃኗ ነጭ ልብስ ገዝቼ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ከአበልጆቼ ጋር በልቼ ጠጥቼ እመለሳለሁ። በዓመት በዓል ዳቦ እልክላቸዋለሁ። ሥራዬን የጨረስሁ ይመስለኝ ነበር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከሰባቱ አንዷ በጽኑ ታመመች። ካህኑ ሊጸልዩላት መጥተው የክርስትና ስሟን ጠየቁ። እናቷ ጠፋባት፤ ወደ እኔ ደወሉ። እኔም «ወለተ…» ብዬ ቆምሁ። ወለተ ማን እንደሆነች አላስታወስሁም። በዚያች ሰዓት የተሰማኝን ኀፍረት እስከ ዛሬ አልረሳውም። በእግዚአብሔር ፊት የምትጠራበትን ስም እንድጠብቅላት አደራ የተሰጠኝ እኔ ነበርሁ፤ እኔ ግን የጠበቅሁት የድግሱን ትዝታ ነው። ካህኑ በዓለም ስሟ ጸለዩላት፤ እግዚአብሔር ይመስገን ድናለች። ከዚያ በኋላ ስሟን ያገኘነው ወላጆቿ ሣጥን ውስጥ ካስቀመጡት የክርስትና ወረቀት ላይ ነው።

ከዚያ ወዲህ የሰባቱንም ስም በደብተር ጽፌ አስቀምጫለሁ፤ ሁሉንም እየዞርሁ የንስሐ አባት እንዳላቸውና እንደሚቈርቡ ጠየቅሁ። ሁለቱ አይቈርቡም፤ ስለ እነርሱ አሁንም አለቅሳለሁ። አንተ ገና ልጁን ሳታቅፍ ይህን በማሰብህ ከእኔ ትሻላለህ። እሺ በል፤ ነገር ግን ስሙን በዚያኑ ቀን ጻፈው።

ሌላ ተሳታፊ፦

እኔ ከእናታችን ሐሳብ እለያለሁ። ወንድማችን ሕይወቱን ሳያስተካክል እሺ ቢል፣ ሁላችንም ለይሉኝታ ስንል ያደረግነውን መድገም ይሆናል። ጓደኛው ቅር ቢለውም እውነቱን ሊነግረው ይገባል። ወዳጅ ማስቀየም በሐሰት ከመማል ይቀላል።

የወንጌል አማኝ (ከጎንደር)፦

በአክብሮት ለመሳተፍ ያህል፣ እኔ ባደግሁበት ጉባኤ ሕፃናት አይጠመቁም፤ የሚጠመቀው አምኖና ተምሮ ራሱ የሚመሰክር ሰው ነው። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 የተጻፈው የአገራችን ጃንደረባም አስቀድሞ ከፊልጶስ ተማረ፤ ቀጥሎም እንዳልጠመቅ የሚከለክለኝ ምንድን ነው ብሎ ጠየቀ። በዚህ እንደምንለያይ አውቃለሁ፤ ክርክር ለማንሣትም አይደለም። ጠያቂው ያነሡት ሕመም ግን በእኛም ዘንድ እንዳለ በሐቅ መናገር እፈልጋለሁ። እኔ በ16 ዓመቴ ትምህርቱን ጨርሼ የተጠመቅሁት እኩዮቼ ሁሉ ስለተጠመቁ ነበር። በራሴ አፍ የተናገርሁትን ቃል ትርጉሙን የተረዳሁት ከዓመታት በኋላ፣ ይቅር ልለው ያልፈለግሁትን ሰው ይቅር ማለት በተገባኝ ጊዜ ነው።

ዲያቆኑ እንደገና፦

ወንድማችን ስላካፈሉን አመሰግናለሁ። በምዕራፍ 16 የወኅኒ ጠባቂው ከነቤተ ሰዎቹ ሁሉ መጠመቁን እያሰብን ሕፃናትን እናጠምቃለን፤ በዚህም እንጸናለን። ይሁንና ሕፃኑን በእምነታችን ካስጠመቅነው በኋላ እምነታችንን ካላሳየነው፣ የእርስዎ ጉባኤ የሚያነሣብን ጥያቄ ትክክለኛ ወቀሳ ይሆንብናል።

ስለ ይሉኝታ ለተጻፈው፦ ጠያቂያችን ንስሐ መግባት ካልፈለጉ ሐሳብዎ ትክክል ነው። ነገር ግን ፈልገው ነው የጻፉት።

ጠያቂ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። እናቴ ሆይ፣ የጻፉልኝን ካነበብሁ በኋላ ተነሥቼ እናቴን የእኔን የክርስትና ስም ጠየቅኋት። ታውቀዋለች። ያነሣኝን ሰውም ጠየቅኋት፤ እስከ ዛሬ ክርስትና አባቴ ማን እንደሆነ ጠይቄ አላውቅም ነበር። ከዚህ ዓለም ከተለየ ስድስት ዓመት ሆኖታል፤ ቤቱ ከእኛ ሰፈር ብዙም አይርቅም ነበር።

ነገ ጠዋት ከኪዳን በኋላ የንስሐ አባቴን አገኛቸዋለሁ። ለጓደኛዬ ዛሬ ማታ ሄጄ ያለሁበትን ሁሉ ነግሬዋለሁ፤ የንስሐ አባቴ እስኪመልሱልኝ ሌላ ሰው እንዳይለምን ጠየቅሁት፤ እርሱም እጠብቅሃለሁ አለኝ።